አስታማሚ ለሌለው ሕፃን፦ ለበጎ ፈቃድ ሕክምና አዘጋጆችና ለሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክልልና ለዞን ጤና ኃላፊዎች፣ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች፣ ወደ ተፈናቃይ መጠለያዎች የሕክምና ጉዞ ለምታዘጋጁ ማኅበራት፣ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በዐረብ አገሮች ሆናችሁ መድኃኒትና ገንዘብ ለምታሰባስቡ ወገኖቻችን።

ጤና ይስጥልን።

በአገራችን ሆስፒታል ውስጥ ከእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ አንድ ሰው አለ። ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፎ ያድራል። የላቦራቶሪ ናሙና ይዞ ይሮጣል፤ ግቢው ውስጥ የጠፋውን መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ ያመጣል፤ በሽተኛውን ያጥባል፣ ያጎርሳል፤ ሌሊት «ሲስተር፣ አተነፋፈሱ ተለወጠብኝ» ብሎ ነርሷን ይጠራል። አስታማሚ እንለዋለን። ደመወዝ የለውም፣ በየትኛውም በጀት ውስጥ አልተጻፈም፤ የሕክምናው ግማሽ ግን በእሱ እጅ ነው። ጦርነት እናትና አባቱን የነጠቀው ሕፃን ይህን ሰውም አብሮ አጥቷል።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በተካሄደው ጦርነት፣ ከዚያም ወዲህ በአማራና በኦሮሚያ በቀጠለው ግጭት ትምህርት ቤቶች፣ መጋዘኖችና የሸራ ድንኳኖች መጠለያ ሆነዋል። በመቀሌ፣ በሽሬ፣ በደሴ፣ በደብረ ብርሃን ብዙ ባለሙያ በነፃ ሊያገለግል ገብቷል። ይህን የምንጽፈው የማንንም ድካም ለማቃለል አይደለም። ችግሩ ጉዞው የተቀረጸበት መንገድ ነው። ቡድኑ ቅዳሜ ይገባል፣ እሑድ ማታ ይመለሳል። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ግን አሞክሲሲሊኑን በቀን 2 ጊዜ ለ5 ቀን መውሰድ አለበት። ለተቅማጥ የሚሰጠው ዚንክ ቢያንስ 10 ቀን ይፈልጋል። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን እስኪያገግም ሳምንታት ይወስድበታል። እናት ያለችው ልጅ እነዚህን ቀናት በእናቱ ጉልበት ይሻገራቸዋል። እናት የሌለው ልጅ መድኃኒት ሰኞ ጠዋት ፌስታል ውስጥ እንደተቋጠረ ነው፤ አውጥቶ የሚሰጠው የለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ለማከም የሚነሳ ቡድን ከመድኃኒቱ ዝርዝር አስቀድሞ የአስታማሚዎችን ዝርዝር ይያዝ። ለእያንዳንዱ ሕፃን በስም የታወቀች፣ አበል የሚከፈላት፣ ተራዋ ቀንም ሌሊትም የተጻፈ ሰው ትመደብለት።

ማን ትሁን? ከዚያው መጠለያ የምትገኝ፣ የልጁን ቋንቋ የምትናገር፣ ልጅ ያሳደገች ሴት ትሻላለች። አያቶች በዚህ ሥራ ብርቱ ናቸው። ማንበብና መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ማታ ተነስቶ ማየት ግን ግዴታ ነው። አንዲት ሴት በአንድ ፈረቃ ከ3 የበለጡ የታመሙ ሕፃናት ባትይዝ እንመክራለን፤ ሆስፒታል የተኛ ሕፃን ከሆነ ደግሞ አንድ ለአንድ ትሁን። በጀቱ ውስጥ የቀን አበል፣ የእሷ ምግብ (ሆስፒታል ለተኛው ሕፃን እንጂ ለአስታማሚው የሚያበላ ስላልሆነ)፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ፣ የሞባይል ካርድና የመጓጓዣ ገንዘብ ይግባ። በብዙ መጠለያ ይህን ሥራ በነፃ ይዛው የምትገኘው 10 ዓመት ያልሞላት ታላቅ እህት ናት። እሷም ራሷ በሽተኛ ልትሆን ትችላለችና ከታናሿ ጋር ትመርመር። ራሽኗ ለብቻ ይሰጣት፤ ሕፃኑ ወደ ሌላ ከተማ ሲላክ ወንድምና እህት አይለያዩ።

አስታማሚዋ ከተመደበች በኋላ የሚቀጥለው ካርዱ ነው። «እናቱ የሞተችበትም እናቱ ገበያ የሄደችበትም እኩል ያለቅሳሉ» እንላለን። መጠለያ በር ላይ ብቻውን የተገኘ ልጅ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከለቅሶው አይታወቅም። እናቱ በሌላ አቅጣጫ ሸሽታ በሌላ ወረዳ ድንኳን ውስጥ ልትሆን ትችላለች። ካርድ ላይ «ወላጅ አልባ» ብሎ መጻፍ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ያ ቃል ከመዝገብ ወደ መዝገብ እየተገለበጠ ከሄደ በኋላ ግን ማንም መልሶ አይጠይቀውም። መሞታቸውን የሚመሰክር ዘመድ ወይም ጎረቤት እስኪገኝ ድረስ «ከወላጅ የተለየ» ተብሎ ይጻፍ። ልጁ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርና በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የቤተሰብ ፍለጋ አገልግሎት ይመዝገብ።

ስምና የአባት ስም አይበቃም፤ በአንድ መጠለያ ውስጥ ሁለት ሦስት ሞክሼ አይጠፋም። የቤት ስሙ፣ እናቱን የሚጠራበት ቃል፣ የሚናገረው ቋንቋ (ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ አማርኛ፣ አፋርኛ ወይም ሌላ)፣ ያመጣው ሰው ማንነትና ስልክ፣ የተገኘበት ቀበሌ፣ ጠባሳው፣ አንገቱ ላይ ያለው ማተብ ወይም ክታብ ይጻፍ። የመጣበት ልብስ ቆሻሻ ነው ተብሎ አይቃጠል። ታጥቦ በስሙ ይቀመጥ፤ እናት በገዛ እጇ የጣፈችውን ሹራብ ከሩቅ ትለየዋለች። ፎቶ ለፍለጋው መዝገብ ይነሳ፤ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ግን ፈጽሞ አይውጣ። «አክስቱ ነኝ» የሚል እንግዳ ሰው የልጁን መልክና ያለበትን ቦታ የሚያገኘው ከዚያ ነውና። ካርዱ በ2 ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ በላስቲክ ተሸፍኖ ከአስታማሚዋ ዘንድ ይቀመጥ፣ አንዱ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ መዝገብ ይግባ። በራሱ ደብተር ጽፎ ደብተሩን ይዞ የሚመለስ ቡድን የልጁን የሕመም ታሪክ ይዞበት ይሄዳል፤ ቀጣዩ ሐኪምም ከዜሮ ይጀምራል።

የልደት ቀን ብዙ ጊዜ አይገኝም። አስታማሚዋን ወይም ያመጣውን ሰው በበዓላትና በእርሻ ወቅት ጠይቁ፦ ለጥምቀት ይሄድ ነበር? የተወለደው ከአጨዳ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህም ካልሆነ ቁመቱ ከ65 እስከ 110 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጅ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ክልል ውስጥ እንዳለ ተቆጥሮ የምግብ እጥረትን በሚያሳየው የክንድ መለኪያ ቴፕ ይለካል።

ልኬቱ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። የግራ ክንድ ይታጠፍና ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ጫፍ ያለው መሐል ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግ፤ ከዚያ ክንዱ ዘና ብሎ ይውረድና ምልክቱ ላይ ይለካ። ቴፑ ሥጋውን አያጥብቅ፣ ከቆዳውም አይላቀቅ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ ከባድ የምግብ እጥረት። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ ነው። በወፍራም ልብስ ላይ ከለካችሁ ቀዩ ቢጫ፣ ቢጫው አረንጓዴ ሆኖ ያልፋችኋል። ቴፑ ደግሞ እብጠትን አያውቅም። የሁለቱንም እግሮች የላይኛ ገጽ በአውራ ጣት 3 ሰከንድ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። በሁለቱም ላይ ጉድጓድ ከቀረ ቴፑ አረንጓዴ ቢያሳይም ሕፃኑ በከባድ ምግብ እጥረት ታሟል። ሰልፍ ላይ «እሱስ ወፍሯል» ተብሎ ወደ ኋላ የሚመለሰው ልጅ ይህ ነው። ካልሲና ጫማ ሳይወልቅ የተመረመረ ሕፃን አልተመረመረም።

በተንጠልጣይ ሚዛን የምትመዝኑ ከሆነ መያዣው ቦርሳ ተሰቅሎ መርፌው ዜሮ ላይ መመለሱን በየጠዋቱ አረጋግጡ። ግማሽ ኪሎ የተሳሳተ ሚዛን የ5 ኪሎ ሕፃን መድኃኒት በ10 በመቶ ያዛባል።

ክብደቱን ያወቃችሁት፣ እብጠትም ሆነ ሌላ የአደጋ ምልክት የሌለው፣ ቴፑ ቀይ ያሳየበት ሕፃን የምግብ ፍላጎት ፈተና ይሰጠዋል። ፈተናው የሚሰጠው በፕላምፒ ነት ነው፤ ይህ ለምግብ እጥረት ሕክምና ከኦቾሎኒ የተሠራ ለስላሳ ምግብ ሲሆን አንዱ ፓኬት 92 ግራም፣ 500 ኪሎ ካሎሪ ነው። በደንብ ከበላ በተመላላሽነት ይታከማል፤ ካልበላ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ይተኛል። እናት የሌለው ልጅ በዚህ ፈተና የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በፍርሃት ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ የማያውቀው ሰው፣ ጫጫታ፣ ጣት ሙሉ ቅባት የመሰለ ነገር ወደ አፉ ሲመጣ አፉን ይዘጋል። ፀጥ ያለ ጥላ ፈልጉ። አስታማሚዋ እጇን ታጥባ፣ አቅፋው፣ ንጹሕ ውሃ በኩባያ አጠገቧ ይዛ ቀስ ብላ ታቅምሰው። አይገደድ። እስከ አንድ ሰዓት ጊዜ ስጡት። ያን ያህል ታግሶ ከሚያውቃት ሴት እጅም ካልበላ እውነትም ታሟልና ይተኛ።

8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን 3 ያህል ፓኬት ስለሚያስፈልገው የሳምንቱ ከ20 ይበልጣል። ያን ያህል ፓኬት ባዶ ሆድ ወዳላቸው 5 ልጆች መሐል ተሸክሞ የገባ ሕፃን ብቻውን ሊበላው አይችልም። ታላቅ እህቱ ማካፈሏ ጥፋት አይደለም። መፍትሔው ቁጣ ወይም ቁጥጥር አይሆንም፤ ለአስታማሚዋና ለእህት ወንድሞቹ የደረቅ ራሽን አብሮ ይሰጥ፤ ባዶ ፓኬቶቹም በሳምንቱ ይመለሱ።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንምጣ። የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይ እሱ ነው።

የሚተኛው ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጠጣው ኤፍ 75 የሚባለውን፣ ለምግብ እጥረት ሕክምና የተዘጋጀ ወተት ነው። በኪሎ ግራም በቀን 130 ሚሊ ሊትር፤ በጣም ያበጠ ከሆነ 100። በየ3 ሰዓቱ ማለት በ24 ሰዓት 8 ጊዜ ነው። 6 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል። ከታዘዘለት 80 በመቶ ያልጠጣ በአፍንጫ ቱቦ ይሞላለታል። ከ8ቱ ውስጥ 4ቱ ከመሸ በኋላ የሚውሉ ናቸው። አንዲት ነርስ አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃናት ይዛ በምታድርበት ቦታ እነዚህን የሚሰጠው አስታማሚ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጠጥቶ እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የተተወ ሕፃን በጉበቱ ውስጥ የተጠራቀመ ስኳር የለውም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም የደም ስኳሩ ይወርዳል፣ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። አይጮኽም፤ አቅም የለውምና የተኛ ይመስላል። ሲነጋ ሞቶ ይገኛል። በክፍሉ ውስጥ ወተቱ ነበረ፣ ኩባያው ነበረ፣ መድኃኒቱ ነበረ፤ ተነስቶ የሚያጠጣው ሰው አልነበረም።

የደም ስኳር ከ54 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲሆን፣ ወይም መለኪያ ከሌለና ሕፃኑ ከደነዘዘ፣ ወዲያው 50 ሚሊ ሊትር 10 በመቶ ግሉኮስ ይሰጠው፤ መዋጥ ከቻለ በአፉ፣ ካልቻለ በአፍንጫ ቱቦ። ራሱን የሳተ ወይም የሚንዘፈዘፍ ከሆነ በደም ሥር የሚሰጠውን መጠን ሐኪሙ በክብደቱ ያስላ። በእጃችሁ ያለው 40 በመቶው ግሉኮስ ከሆነ 12.5 ሚሊ ሊትሩን በ37.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ አቅጥኑት። እሱም ከሌለ አንድ የሻይ ማንኪያ ሞላ ያለ ስኳር በ3 ተኩል የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይበጥበጥ። ይህን አስታማሚዋም ልታውቀው ይገባል። ስለ መለኪያው አንድ ነገር እንጨምር፦ የአንዱ ፋብሪካ ማሽን የሌላውን ስትሪፕ (የደም ጠብታው የሚያርፍበትን ቁራጭ) አይቀበልም። ማሽን በለገሳችሁ ቁጥር ቢያንስ የ3 ወር ስትሪፕና መለዋወጫ ባትሪ አብራችሁ ስጡ፤ አለበለዚያ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

ብርዱም እንዲሁ የሌሊት ገዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያልፋል፤ የሸራ ድንኳን ወይም የቆርቆሮ መጋዘን ከውጭው ብዙም አይሞቅም። የብብት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች የሆነ ሕፃን ቆብ ይደረግለት፣ ከአስታማሚዋ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ ይያዝ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይደረብባቸው፣ ወተቱም ወዲያው ይሰጠው። የፈላ ውሃ የያዘ ጠርሙስ አጠገቡ አታስቀምጡ፤ ስሜቱ የደነዘዘ ሕፃን ሲቃጠል አይናገርም። እናት የሌለው ልጅ ይህ የሰውነት ሙቀት ሊነፈገው አይገባም።

ተቅማጥ ላይ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። የመጀመሪያው ግሉኮስ ነው። «ግሉኮስ ይተከልለት» የሚል ግፊት ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣል፤ በጎ ፈቃደኛውም ጊዜው አጭር ስለሆነ ይተክላል። በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ልብ ያን ፈሳሽ አይሸከምም። በደም ሥር የሚሰጠው በሾክ ውስጥ ላለው (የደም ዝውውሩ ክፉኛ ለተዳከመው) ብቻ ነው፣ እሱም በሐኪም ዓይን ሥር። ለሌላው ሪዞማል የሚባለው፣ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀው ፈሳሽ በኪሎ ግራም 5 ሚሊ ሊትር በየ30 ደቂቃው ለመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በአፉ ወይም በቱቦ ይሰጥ፤ የትንፋሽና የልብ ምቱ በየጊዜው ይቆጠር፤ ሁለቱም እየፈጠኑ ከመጡ ይቁም። ኮሌራ ከተጠረጠረ ሪዞማል ሳይሆን ኦ.አር.ኤስ ነው የሚሰጠው።

ሁለተኛው ስሕተት የሃይላንዱ ነው። አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ በ1 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። በመጠለያው ውስጥ ያለው ባዶ ሃይላንድ ግን ግማሽ ሊትርም፣ 1 ሊትርም፣ 2 ሊትርም አለ። በግማሽ ሊትሩ የተበጠበጠ ጨው በዝቶበት ልጁን ይጎዳዋል፤ በ2 ሊትሩ የተበጠበጠ አይፈይደውም። ከረጢት ስትሰጡ ትክክለኛውን ሃይላንድ አብራችሁ ስጡ፣ ላዩ ላይ በማይለቅ ቀለም መስመር አስምሩበት፣ የተበጠበጠውም ከ24 ሰዓት በኋላ እንዲደፋ ንገሩ። ዚንኩ በቀን 20 ሚሊ ግራም ነው፤ ከ6 ወር በታች ግማሹ። ፕላምፒ ነት ወይም ኤፍ 75 የሚወስድ ሕፃን ግን ዚንኩን ከዚያው ስለሚያገኝ ተጨማሪ አያስፈልገውም።

ለሳል ትንፋሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠር፣ ሕፃኑ በአስታማሚዋ ክንድ ላይ ረጋ ብሎ ሳለ። የሚያለቅስ ልጅ ቆጥራችሁ አንቲባዮቲክ አትዘዙ። ከ2 ወር እስከ 11 ወር ላለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። በሽሮፕ ፈንታ በውሃ የሚሟሟውን 250 ሚሊ ግራም የአሞክሲሲሊን ክኒን አምጡ። ከ4 እስከ 10 ኪሎ ላለው 1፣ ከ10 እስከ 14 ኪሎ ላለው 2 ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ። ሽሮፕ ሲበጠበጥ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል፣ አንዳንዱም ማቀዝቀዣ፤ ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው የቀናት ነው፣ በሻንጣ ውስጥም ይሰበራል። ክኒኑ በአንድ ማንኪያ ውሃ ይሟሟል፣ አስታማሚዋም ስንት እንደቀረ ቆጥራ ታውቃለች።

ከውጭ አገር ለምትመጡ ባለሙያዎች ይህን አደራ እንላለን። ለልጁ «8፡00» እና «20፡00» ብላችሁ አትጻፉ። አስታማሚዋ 8 ሰዓት ብላ የምታነበው ከቀትር በኋላ ያለውን ነው፤ 20 ሰዓት የሚባል ደግሞ በእሷ ሰዓት ላይ የለም። በቀን 2 ጊዜ የታዘዘው በዚህ ምክንያት 1 ጊዜ ይሆናል። «ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ማታ ከመኝታ በፊት» በሉ፤ ፀሐይና ጨረቃም ሣሉበት። የቀጠሮ ቀን «5/7» ከተባለ ለእኛ መጋቢት 5 ነው፣ ለአሜሪካኑ ሜይ 7፣ ለአውሮፓዊው ጁላይ 5። ወሩን በፊደል ጻፉ፣ ዕለቱንም ጨምሩ፦ «ሐሙስ፣ የገበያ ቀን»። በመድኃኒት ላይም ያው ነው። «06/2025» የሚል ካርቶን በ2018 ዓ.ም. ላገኘው የመጋዘን ሠራተኛ 7 ዓመት የቀረው ይመስለዋል፤ መድኃኒቱ ግን ጊዜው አልፏል። ካርቶኑ ላይ የኢትዮጵያውን ዘመን በትልቁ ጻፉበት። አገር ውስጥ ሲገባ ቢያንስ 1 ዓመት ያልቀረው መድኃኒት ባይላክ ይሻላል፤ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያልወጣለትም በጉምሩክ መጋዘን ሲበላሽ ይኖራል። የአዋቂ ክኒን እየሰባበሩ ለሕፃን መስጠት እንዲቀርም እንለምናለን።

ከ6 ወር በታች ያለ ጡት የሚፈልግ ሕፃን ሌላ ጭንቀት ነው። መጀመሪያ የምታጠባ ዘመድ ወይም ፈቃደኛ እናት ይፈለግ፤ የኤችአይቪ ምርመራ ተደርጎላት ነፃ ከሆነች ሕፃኑ ጡት ያግኝ። አያት ወይም አክስትም ሕፃኑ በቀን 8፣ 10 ጊዜ እየሳበ ወተቷ ሊመለስ ይችላል፤ ለዚያ የሚያግዝ የሰለጠነ ሰውና ትዕግሥት ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነ የፎርሙላ ዱቄት ነው። በኪሎ ግራም በቀን 150 ሚሊ ሊትር፣ በ8 ተከፍሎ፤ 4 ኪሎ ለሚመዝን በአንድ ጊዜ 75 ሚሊ ሊትር። የወሩ ዱቄት 3.5 ኪሎ ያህል ነው። ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላ የሚበቃውን ሳታረጋግጡ አትጀምሩ፤ ሁለት ጣሳ ሰጥቶ መሄድ ማለት በ3ኛው ሳምንት የቀጠነ ወተት ወይም በሶ ሊጠጣ ነው ማለት ነው። ጡጦ በመጠለያ ውስጥ አይታጠብም፣ አይቀቀልም፤ በሲኒ ይጠጣ። ጣሳውን በጅምላ ለመጠለያው ማደል ደግሞ የሚያጠቡትን እናቶች ጡት ያስተዋልና አታድርጉት።

እከክ አጭር ነገር ነው፤ አንዱን ልጅ ማከም ከንቱ ድካም መሆኑን ማወቅ ይበቃል። አብረው የሚተኙት ሁሉ፣ አስታማሚዋም ጭምር፣ በአንድ ቀን ይታከሙ፤ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገም። ልብሱ ይቀቀል፤ ማገዶ ከሌለ በጥብቅ በታሰረ ላስቲክ ውስጥ ቢያንስ 3 ቀን ይቆይ። ማዳበሪያ ከረጢት አየር ስለሚያሳልፍ ለዚህ አይሆንም። ኩፍኝም በተጨናነቀ መጠለያ ውስጥ ቤንዚን ላይ እንደወደቀ ክብሪት ነውና የክትባት ካርድ የሌለው ልጅ እንዳልተከተበ ይቆጠር፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ክትባቱ ከ6 ወር ጀምሮ ይሰጣል፣ 9 ወር ሲሞላውም ይደገማል። ሁለት ጊዜ መከተብ አይጎዳውም።

ልጁ ያየውን እንዲተርክ አትጠይቁት። ካሜራ ፊት ሲሆን በጭራሽ። ሲነጋ አልጋውን ያረጠበ የ7 ዓመት ልጅ አይሰደብ፣ አይቀጣ። መርፌ ሲወጋ የማያለቅስ፣ ሰው የማያይ፣ እጁን የማይዘረጋ ሕፃን «ጨዋ» አይደለም፤ ካርዱ ላይ የሚጻፍ ምልክት ነው። በየቀኑ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ከአንድ ሰው ጋር መጫወት የምግብ እጥረት ሕክምናው አንዱ ክፍል ነው፤ የፕላስቲክ ክዳን በሲባጎ፣ ጠጠር በሃይላንድ ውስጥ፣ እሹሩሩ። የሚያጫውተው ግን በ3ኛው ቀን የሚጠፋ እንግዳ ባይሆን። ያቀፈው ሁሉ ጥሎት የሚሄድ ልጅ ቀጥሎ የመጣውን አያቅፍም፤ የዚያን ዕለት መብላትም ያቆማል። ማቀፉን ለአስታማሚዋ ተዉላት፤ እናንተ እሷን አግዙ።

ለጽሕፈት ቤቶቹ የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መንግሥት አሳዳጊ ለሌላቸው ሕፃናት የተለየ ጥበቃ ያደርጋል ተብሏል። የ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 24ም ከ15 ዓመት በታች የሆኑ፣ በጦርነት ምክንያት ወላጅ ያጡ ወይም የተለዩ ልጆች ለራሳቸው እንዳይተዉ ያዛል። በተግባር ግን ልጁ በር ላይ የሚያዘው በአንድ ወረቀት እጦት ነው። የተፈናቃይነት ማረጋገጫ ለያንዳንዱ ሕመም እንደ አዲስ ከሚጠየቅ ለመጠለያው በጠቅላላ አንድ ደብዳቤ ለጤና ጣቢያውና ለሆስፒታሉ ይጻፍ። ለአስታማሚዋ ፎቶ ያለበት መታወቂያና የልጁን ስም የያዘ ማኅተም ያለው ወረቀት ይሰጣት፤ የራሷ ያልሆነ ሕፃን አዝላ ኬላ ላይ የምትቆም ሴት ያለዚያ ማስረዳት አትችልም። አስቸኳይ ሕክምና ፊርማ አይጠብቅም፤ ለቀጠሮ ቀዶ ሕክምና ግን ማን እንደሚፈርም የወረዳው ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ በጽሑፍ ይወስን። የውጭ አገር ጉዲፈቻ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ተከልክሏልና «እኔ ልውሰደው» ለሚል እንግዳ ይህ በግልጽ ይነገረው።

ለጤና ቢሮዎች በተለይ፦ ቡድን ስትቀበሉ ስንት ሐኪም እንዳለው ብቻ አትጠይቁ። ለቀጣዮቹ 3 ወራት የአስታማሚዎቹን አበል ማን እንደሚከፍል፣ በየሳምንቱ ማን ተመልሶ እንደሚመዝን፣ የትኛው ጤና ጣቢያ ልጆቹን እንደሚረከብ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ጉዞው ይዘግይ። በውጭ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ሻንጣ ሙሉ መድኃኒት ከምትልኩ ያንኑ ገንዘብ ለአስታማሚዎች አበልና ለአምቡላንስ ነዳጅ ብታውሉት አገር ውስጥ በርካሽ የሚገኘውን መድኃኒት የሚያደርሰው ሰው ይኖራል።

ሕፃን ወደ ሆስፒታል ሲላክ አስታማሚዋ አብራው ትሂድ። መንገዱ ሊዘጋ፣ የ2 ሰዓቱ ጉዞ 7 ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ለረዘመው ጊዜ የሚበቃ ወተት ወይም የስኳር ውሃ፣ ኩባያ፣ ብርድ ልብስና የካርዱ ቅጂ ይያዝ፤ በመንገድ ላይም በየ2 ሰዓቱ ይጠጣ።

እሑድ ማታ፣ መኪናው ከመነሳቱ በፊት፣ ከያንዳንዷ አስታማሚ ጋር ተቀመጡ። መድኃኒቱን እሷ ታሳያችሁ እንጂ እናንተ አታሳዩአት፦ ስንት ክኒን፣ መቼ፣ እስከ የትኛው ዕለት። መጠጣት ሲያቅተው፣ የበላውን ሁሉ ሲያስመልሰው፣ ሲንዘፈዘፍ፣ ሲደነዝዝ፣ እጅ እግሩ ሲቀዘቅዝ ወዴት እንደምትወስደውና ለማን እንደምትደውል በራሷ አንደበት ትንገራችሁ። ከተሳሳተች እንደገና አስረዱ። ስልኩን እዚያው ደውላ ትሞክረው፤ የሌሊት ተረኛዋም ማን እንደሆነች ስሟን ጠይቁና አግኝታችኋት ሂዱ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕፃናት ሕክምና፣ በነርስነትና በሥነ ምግብ ሙያ የምናገለግል በጎ ፈቃደኞች